የዓሣ ክበባችን ዓመት፦ አንድ ማስመሪያና አንድ መረብ

«ዓሣ ማጥመድ ደግሞ የትምህርት ቤት ክበብ ይሆናል?» ያሉኝ ባልደረቦች አሉ። ይሆናል። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሆነን ጣናን እያየን ነው የምናስተምረው። ደብተርና ዩኒፎርም ከዓሣ በተገኘ ገንዘብ የሚገዛላቸው ልጆች አሉን። ስለ ሐይቁ እዚህ ካልተማሩ የት ሊማሩ ነው?

ዘንድሮ በ34 ተማሪዎች ጀምረን በ27 ጨርሰናል። ዓርብ ዓርብ ከ9 ሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰብስበናል። ምርጫ ተደርጓል፣ ቃለ ጉባኤው በፋይል አለ፣ ለወላጆች ቀን ፖስተር አቅርበናል።

ያስተማርነው ግን ሰፋ ያለ ነው። ልጆቹ ቆሮሶን፣ አምባዛንና ነጭ ዓሣን ለይተው ያውቃሉ። መንጠቆ ማሰርና የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ መጨፍለቅ ችለዋል። እሾህ የሌለው መንጠቆ ቶሎ ስለሚወጣ፣ የሚለቀቀው ዓሣ አፉ አይቀደድም። ዓሣ ከመንካታቸው በፊትም እጃቸውን በውሃ ያርሳሉ። ደረቅ እጅ ቆዳው ላይ ያለውን የሚያሙለጨልጭ ልባስ ይገፈዋል። ያ ልባስ ከበሽታ መከላከያው ነው።

ደንቡንም ተምረናል። በብርብራ ዛፍ ፍሬ ዱቄት ወንዝ መርዞ ዓሣ መሰብሰብ በአዋጅ የተከለከለ ነው። ጉዳቱን ለማስረዳት የነጭ ዓሣን ታሪክ ነገርኳቸው። ጣና ውስጥ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ በዓለም ሌላ ቦታ አይገኙም። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዓይነት ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ ዕንቁላል ይጥላሉ። ታዲያ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የጣለ ሰው እናቶቹን በሙሉ በአንድ ሌሊት ያፍሳል። ተመራማሪዎች በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል ባደረጉት ንጽጽር የነጭ ዓሣ ክምችት በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሶ አግኝተውታል። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ አለ።

አሁን ስለ ግንቦቱ ጉዞ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጥለዋል። ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ዓሣ የሚወርድበት ዳርቻ ደረስን። ማታ የተጣለ መረብ ጠዋት ነው የሚነሣው። አንድ አባት ታንኳቸውን አስጠግተው መረባቸውን ሲያራግፉ ልጆቹ ከበቧቸው። ፈቃድ ጠይቀን የመረቡን ዓይን ለካን። አለካኩ ቀላል ነው፦ ዓይኑን ወጥሮ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ትይዩው ቋጠሮ ማስመሪያ መዘርጋት። 10 ሳንቲሜትር ሲሆን ትንንሹ ዓሣ ያመልጣል። የሳቸው ስድስት ተኩል ሆነ። የለካው ልጅ ቁጥሩን ሳይናገር ማስመሪያውን ወደ እኔ አዞረው።

በዚህ መሀል አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አርሳ ገና ያልሞተች ቆሮሶ ከመረቡ አላቀቀች። ክፍል ውስጥ አንድም ቀን እጅ አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። የዓሣዋ አፍ ሲከፈት መዳፏ ላይ የስንዴ ፍሬ የማያህሉ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብ ዓይን ያላቸው ነገሮች ፈሰሱ። ይንቀሳቀሳሉ።

«ቲቸር፣ ልጆቿ ናቸው!» ብላ ጮኸች።

እናት ቆሮሶ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ መልሳ አፏ ውስጥ ትሸሽጋቸዋለች። ይህን በሰሌዳ ሁለት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። እንደዚያ ቀን የገባቸው ግን አይመስለኝም።

«አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ» አሉ አባትየው። «መረብ ግን እናት ናት ብሎ አይመርጥም። ሰፊውን ዓይን ብጥል ደግሞ ማታ ቤት ምን ይዤ እገባለሁ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸውም ትንሽ ዝም ብለው «ይቺን ልቀቋት» አሉ። ልጅቷ ከነጫማዋ እስከ ጉልበቷ ገባች። ዓሣዋ እጇ ላይ ትንሽ ቆየችና ጅራቷን መትታ ሄደች። ልጅቷ ግን እዚያው ቆማ ቀረች፤ መዳፏ ላይ የቀሩትን አንድ በአንድ በውሃ እያጠበች ትለቃቸው ነበር።

ያልተሳካልንም አለ። ጀልባ ሊሰጠን ቃል የገባ መሥሪያ ቤት በጉዞው ዋዜማ ቀረብን። ሚዛናችን በጥር ተበላሽቶ እስካሁን አልተሠራም። ለ27 ልጆች ያለን የዋና ጃኬት አራት ብቻ ነው። ሰባት ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ አልፈረድኩባቸውም። የስፖርት ክበቡ አዲስ ማሊያ ሲገዛለት ደስ ብሎናል። ለእኛ ግን በዓመቱ የተሰጠን አንድ ፓኬት ማርከር ነው። ውሃ ዳር ለሚሄድ ልጅ ጃኬት ከማሊያ በፊት ይመጣል፤ ይህን ለበጀት ኮሚቴው በጽሑፍም አቅርቤአለሁ።

በነሐሴ ነጭ ዓሣው ሲወጣ ለማየት ጉማራ መውረድ እንፈልጋለን። የሚያስፈልገን የአንድ ቀን ሚኒባስና 23 የዋና ጃኬት ነው። ማዋስም ይቻላል። የምትረዱን ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ቤተ ሙከራው ጎራ በሉ። መዝገቡ ያቺው የ9ኛ ክፍል ልጅ ጋ ነው፤ ከግንቦት ወዲህ የክበቡ ጸሐፊ እሷ ናት።