ቤቱ ይቆይ፣ ዓይንህ ይቅደም

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትህ በቀር። ፊደሉን ትልልቅ ያደረግኩት ራስህ እንድታነበው ነው። ታናሼ ካነበበችልህ ግማሹን ታስቀርብኛለች።

ባለፈው «እዚያ ጀርመን ምን አገኘሽ? በቁጥር ንገሪኝ» ብለኸኝ ነበር። የሒሳብ መምህርን በወሬ ማሳመን እንደማይቻል አውቃለሁ።

ከደመወዜ ሲሶው ገደማ እጄ ሳይገባ ለግብርና ለመድን ይቆረጣል። የጡረታ መዋጮው 18.6 በመቶ ነው፤ ግማሹን እኔ፣ ግማሹን አሠሪዬ ነው የምንከፍለው። በእኛ አገር ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ አይደል? ብዙም አይራራቅም። ጡረታ የምወጣው ግን በ67 ዓመቴ ነው። አንተ በ60 ወጥተህ እንኳ «ገና ጉልበት ነበረኝ» ትላለህ። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ አለ። ሀብታም አልሆንኩም አባዬ፤ ለሚጠይቁህም ይህንኑ ንገርልኝ።

የተሻለው ሌላ ነገር ነው። በብርዱ ወራት ጉንፋን አልጋ ላይ ጣለኝ። ሐኪሙ እረፍት ጻፈልኝ፤ ተኛሁ። «ለምን ቀረሽ?» ብሎ የደወለ የለም። ደመወዜም አልተነካም፤ ሕጉ እስከ 6 ሳምንት አሠሪው ሙሉውን እንዲከፍል ያስገድደዋል። ደሴ ነርስ ሆኜ ስሠራ ትዝ ይልሃል? ትኩሳት ይዞኝ አዳር እገባ ነበር፤ የሚተካኝ ሰው አልነበረም። ጓንትና መርፌ የታማሚው ቤተሰብ ከውጭ ገዝቶ እስኪመጣ ቆመን እንጠብቅ ነበር። አንዲት ወላድ ደም እየፈሰሳት ባሏ ጓንት ፍለጋ ሲሮጥ ያየሁት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እዚህ መሳቢያውን ስስበው ጓንቱ በየቁጥሩ ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ነርስነትን እንደገና የወደድኩት ያኔ ነው። አገሬን እያማሁ እንዳይመስልህ። እዚያ የቀሩት ጓደኞቼ ከእኔ ይበልጣሉ፤ በባዶ እጃቸው ሰው ያድናሉ።

ብቸኝነቱ አለ። ቡና አፍልቼ የምጠራው ጎረቤት የለኝም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ያገሬን ሰው አገኛለሁ፤ ሳምንቱን በዚያ እገፋዋለሁ።

«አባትሽን ለምን አታመጪውም?» የሚሉም አሉ። ጀርመን ለባለሙያዎች ወላጅ ማስመጣት ፈቅዳለች፤ ግን የሚመለከተው እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ወዲህ የመጀመሪያ የመኖሪያ ፈቃዱን ያገኘውን ነው። የእኔ ከዚያ ይቀድማል። ቢፈቀድልኝም ለአንተ የሚሆን የጤና መድን ማሟላት አለብኝ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ቀላል አይደለም። ደግሞስ አንተ ከፒያሳ ጓደኞችህ ተለይተህ፣ የጦሳን ተራራ ሳታይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ተዘግተህ ልትኖር? አይሆንልህም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የምልክልህን ብር «ስትመለስ የምትገባበት ቤት እሠራላታለሁ» እያልክ ባንክ እንደምታስቀምጠው ሰማሁ። አባዬ፣ ለመጠየቅ እንጂ ለመኖር የምመለስ አይመስለኝም። ይህን መስማት እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ግን አንተ ከአፍህ እየቀነስክ የማልገባበትን ቤት ስትሠራልኝ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ብሩ ለዓይንህ ነው። የዓይን ሞራ መነጽር በመቀየር አይጠራም፤ እየዋለ እያደረ ይብሳል። ቀዶ ጥገናው የሚያስፈራ አይደለም። ብዙ ጊዜ ዓይኑን ብቻ አደንዝዘው፣ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ይተኩበታል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ዓይን በአንዴ አይነኩም፤ አንዱ ሲድን ሌላው ይቀጥላል። አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ጥንቃቄው ከዚያ በኋላ ነው፦ ለሳምንታት ጠብታ አለ፣ ዓይንን ማሸት አይቻልም፣ ከባድ ዕቃ ማንሳት የለም። አንተ ደግሞ ጀሪካን ካላነሳሁ ትላለህ። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ቀናት አጠገብህ ሆኜ ጠብታውን እኔው ላደርግልህ እፈልጋለሁ።

ሐኪም ጋ ሂድና ቀጠሮ ያዝ። ቀኑን ቶሎ ንገረኝ። የፈረቃ ሰሌዳችን ቀደም ብሎ ነው የሚወጣው፤ ከወጣ በኋላ ፈቃድ ማግኘት ይከብዳል። ቀኑን እንዳወቅኩ ትኬቴን እቆርጣለሁ።

የምትወድህ ልጅህ
ከፍራንክፈርት