ጸሎቷን አታብራሪላት

ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከመጽሐፍሽ የላክሽልኝን ሁለት ምዕራፍ አንብቤ ጨረስኩ። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን በስልክ ከሆነ እኔ ሳወራ አንቺ "እሺ እማዬ፣ እሺ እማዬ" ትይና በዚያው ያልቃል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልሽ።

ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። ልጄ ስለሆንሽ አይደለም እንዲህ የምለው። አያትየዋ ስትናገር ድምጿ ይሰማኛል። የኤምባሲው ቀጠሮ ሲቃረብ ሰፈሩ በሙሉ መካሪ ይሆናል። አንዷ "ወርቅሽን አውልቂ" ትላለች፣ ሌላዋ "ካልጠየቁሽ አትናገሪ" ትላለች። ልክ እንደዚያ ነበር። ሳነበው ሰዎቹ አንድ በአንድ ትዝ አሉኝ።

የቆምኩት ስለቱ ጋ ስደርስ ነው። አያትየዋ የልጅ ልጇ ቪዛ እንዲሳካ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ትሳላለች። ተንበርክካለች፣ ግንባሯ መሬት ነክቷል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል። እዚህ ድረስ ግሩም ነው። ከዚያ ግን ቁልቢ የት እንደሚገኝ፣ በዓሉ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 እንደሚነግሥ፣ ስለት ምን ማለት እንደሆነ ግማሽ ገጽ ታስረጃለሽ። እሷ ተንበርክካ ቀረች። አንቺ ጥለሻት አስጎብኚ ሆንሽ።

ለማን ብለሽ እንዳስረዳሽ ይገባኛል። ትምህርት ቤት አብረውሽ የሚጽፉት ልጆች "ይሄ ምንድነው?" ብለው ይጠይቁሻል። ይጠይቁ። ያልገባው ሰው ስልኩ ላይ ይፈልገው። አንቺ ማሳየት ያለብሽ ሌላ ነገር ነው። ጃንጥላው ስንት ብር ነው? ሴትዮዋ ገንዘቡን ከዕቁብ ታወጣለች ወይስ አሜሪካ ያለችው ልጇ ትልክላታለች? ቪዛው ከተሳካ በኋላ ቁልቢ ድረስ ማን ይወስደዋል? የልጅ ልጇ እኮ አውሮፕላን ተሳፍራለች። አሮጊቷ ብቻዋን ጃንጥላ አቅፋ የድሬዳዋ አውቶቡስ ትሳፈራለች? ይህን ጻፊልኝ። ያኔ አሜሪካ፣ አዮዋ ያለ ሰውም ስለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ልጅቷ ስለሄደች ደስ ብሏታል፣ ልጅቷ ስለሄደች ቤቱ ባዶ ነው፣ ሁለቱንም የሰጣት ደግሞ ያው አንዱ መልአክ ነው።

አሁን ስለ አንድ ደራሲ ልንገርሽ። ስሙን ሳትሰሚ አትቀሪም፣ አይዛክ ባሼቪስ ሲንገር። የፖላንድ አይሁድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ኒውዮርክ ገባ፣ በ1978 ኖቤል ተሸለመ። ዕድሜውን ሙሉ በዪዲሽ፣ በምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው የጻፈው። አባቱ ረቢ፣ የአይሁድ የሃይማኖት መምህር ነበሩ። ዋርሶ ውስጥ ክሮክማልና በሚባል የድሆች መንገድ ላይ ይኖሩ ነበር፤ ቤታቸውም ችሎት ነበር። የተጣላ ይመጣል፣ የሚፋታ ይመጣል፣ የሚጋባ ይመጣል፣ "ይህችን ዶሮ መብላት በሃይማኖታችን ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?" የሚል ይመጣል። ትንሹ ልጅ ጥግ ይዞ ያዳምጣል። እኛም ቤት እንዲህ ነበር። አያትሽ ጋ ሽማግሌ ሲቀመጥ፣ የነፍስ አባት ሲመጣ፣ ልጅ ውሃ እያቀረበ ሁሉን ይሰማል። ደራሲ የሚወጣው ከዚያ ጥግ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከልጅነት ትዝታዎቹ አንዱን በጣም እወደዋለሁ። አንዲት ሴት ሁለት የታረዱ ዝዮች ይዛ ረቢው ዘንድ ትመጣለች። ዝይ ዳክዬ የሚመስል ትልቅ ወፍ ነው። አንገታቸው ተቆርጧል፤ ነገር ግን አንዱን በሌላው ላይ ስትወረውራቸው ይጮኻሉ። አባትየው ፊታቸው ይገረጣል። ከሰማይ የመጣ ምልክት ነው ብለው ይፈራሉ። እናትየው ደግሞ በነገሩ አላመኑም። እጃቸውን ከተው የዝዮቹን የአየር ቧንቧ መዝዘው ያወጣሉ። ዝዮቹ ዝም ይላሉ። በቃ። ልጁ መሃል ቆሞ ሁለቱንም ያያል። ሲንገር "አባቴ የዋህ ነበር" ብሎ አያላግጥም፣ "እናቴ እምነት ጎደላት" ብሎም አይፈርድም። አንቺም አያትየዋ ጸበል ስትረጭ፣ አክስትየዋ ደግሞ "ዶክተር ጋ ውሰዷት" ስትል፣ ማን ልክ እንደሆነ ካልነገርኩ ብለሽ አትጨነቂ። ያንቺ ልጅ መሃል ቆማ ትይ።

ኒውዮርክ እንደገባ ወዲያው መጻፍ የቻለ እንዳይመስልሽ። ለዓመታት ልብ ወለድ እምቢ አለው። ቋንቋው የቀረው ዋርሶ፣ እሱ ያለው ብሩክሊን። ታላቅ ወንድሙ እስራኤል ጆሹዋ ስመ ጥር ደራሲ ነበር፤ አሜሪካ ያመጣውም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ወንድሙ በድንገት ሞተ። በአውሮፓ ደግሞ ያ ዓለም እንዳለ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው እጁ የተፈታው። ትልቁን የቤተሰብ ልብ ወለዱን ከ1945 ጀምሮ ፎርቨርትስ በሚባለው የዪዲሽ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ አወጣ። አንባቢዎቹ ልብስ ሰፊዎች፣ ባለሱቆች፣ የቤት እመቤቶች ነበሩ። ቀጣዩን ክፍል እየጠበቁ ነው የሚያነቡት። ከሰለቻቸው ይተዉታል። ይህ ጥሩ አስተማሪ ነው። አንቺም ምዕራፍሽን ለአንድ ለማይታዘብሽ፣ ነገር ግን ሥራ ውሎ ለደከመው ሰው ጮክ ብለሽ አንብቢለት። የቱ ጋ ስልኩን እንደሚያነሳ ልብ በይ።

የኔንም አጻጻፍ ታውቂዋለሽ። ሥራ ቦታ አረጋውያኑን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስተኝቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው የምጽፈው። መጽሐፉ አዲስ አበባ ይታተማል፣ በሰው ሻንጣ ይመጣል፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራል። አንዷ ገልጣ ታይና "ይቺ ሴትዮ እኔ ነኝ አይደል?" ትለኛለች። አይደለችም። ግን እንዲህ ካላለችኝ መጽሐፉ አልሠራም ማለት ነው።

ሰዉ ይቀየመኛል ብለሽ እንደምትፈሪ ጽፈሽልኛል። ፍርሃትሽ ልክ ነው። የኛ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ ሰው ይተዋወቃል። ሲንገርንም የራሱ ወገኖች ወቅሰውታል። "እኛ ያለቀስነው አንሶ አጋንንትና ዝሙት ይጽፍብናል" ብለውታል። እሱ ግን ስደተኛውን መልአክ ብቻ አድርጎ አልጻፈም። በአንድ ልብ ወለዱ ውስጥ ያለውን ኸርማን ብሮደር የሚባለውን ሰውዬ ተመልከቺ። ናዚ ሲያሳድደው ያድቪጋ የምትባል የፖላንድ ገበሬ ድርቆሽ ውስጥ ደብቃ አተረፈችው። አግብቷት ኮኒ አይላንድ ይኖራል። ማሻ የምትባል ውሽማም አለችው። ሞታለች የተባለችው የመጀመሪያ ሚስቱ ታማራ ደግሞ በሕይወት ትመጣበታለች። ይህ ሁሉ ሆኖ እንጀራው ምን መሰለሽ? ለአንድ ባለጸጋ ረቢ በድብቅ ስብከትና ጽሑፍ መጻፍ። ራሱ ከአምላክ ተጣልቷል፣ ሌላው የሚሰብከውን የሚጽፈው ግን እሱ ነው። ያድቪጋ ደግሞ ካቶሊክ ሆና ሳለ የሱን ሃይማኖት ለመያዝ ትለምናለች። ያዳነችው፣ የምታምነውም እሷ ናት። እንዲህ ያለ ሰው እኛ መሃል የለም? ለሌላው የጥገኝነት ታሪክ እያሳመረ የሚጽፍ፣ "ኬዝህ ይሳካል፣ ጸልይ" የሚል፣ ማታ ግን እንቅልፍ የማይወስደው? ትውልደ ኢትዮጵያዊው ደራሲ ዲናው መንግሥቱ በሁለተኛው ልብ ወለዱ የጥገኝነት ማመልከቻ እያስዋበ የሚጽፍ ሰው ሠርቷል። መንገዱ ተከፍቷል፣ ግቢበት። አንድን ሰው እንዳለ አትቅጂ እንጂ። የአንዱን አረማመድ፣ የሌላውን ኃጢአት፣ የሦስተኛውን ቤት ውሰጂ።

የቤተ ክርስቲያናችን ነገርም አለ። እኔ የሚገርመኝ እስካሁን ትልቅ ልብ ወለድ ያልወጣው መሆኑ ነው። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ፓትርያርኩ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ወርደው ተሰደዱ፤ በውጭም ሲኖዶስ ቆመ። በየከተማው ያለው ምእመን ሦስት ሆነ፤ የአገር ቤቱ፣ የውጭው፣ ገለልተኛው። አንድ ሰዓሊ የሣላት እመቤታችን በሦስት ደብር ተሰቅላ ሦስቱ አይነጋገሩም። አብረው አንድ አፓርታማ ተከራይተው ስደትን የጀመሩ እህትማማቾች ልጅ ክርስትና ሲያስነሱ የማይጠራሩበት ዘመን ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ዕርቅ ወረደ፣ ፓትርያርኩም አገራቸው ገቡ። የዕርቁን ዜና ሁሉም ያውቀዋል። ከዕርቁ በኋላ በነበረው እሑድ እነዚያ እህትማማቾች በር ላይ ሲገናኙ ማን ቀድሞ ሰላም አለ? ይህ ያንቺ ሥራ ነው፣ የዜና አይደለም።

በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ ላልሽው ብዙ አልልም። በእንግሊዝኛ ነው የተማርሽው፣ ጻፊበት። ሲንገርም ቢሆን እንግሊዝኛውን ከተርጓሚዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ፣ እያረመና እየቀየረ ነበር የሚያዘጋጀው። እንዲያውም አንዷን ዝነኛ አጭር ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1953 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሶል ቤሎው ነው። ቤሎውም በኋላ ኖቤል አገኘ።

አሁን ከብዶኝ ወደማመጣው ልምጣ። ሲንገር አውሮፓን ሲለቅ አንድ ትንሽ ልጅ ትቶ ነበር። ልጁ ከእናቱ ጋር ሶቪየት ኅብረት፣ ከዚያ ፍልስጤም ገባ። አባትና ልጅ የተገናኙት ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ኒውዮርክ ላይ ነው። ሲንገር ይህንኑ አጭር ታሪክ አደረገው፤ አባት ወደብ ላይ ቆሞ ከመርከብ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት እያየ የማያውቀውን ልጁን ይጠብቃል። ልጁም ጋዜጠኛ ሆኖ የአባቱን ሥራዎች ወደ ዕብራይስጥ ተረጎመ፣ ስለ አባቱም መጽሐፍ ጻፈ።

ያንቺ መጽሐፍ ውስጥ ያለችው እናት በጣም ጥሩ ሴት ናት። ብር ትልካለች፣ ጫማ ትልካለች፣ ስልክ ላይ ታለቅሳለች። ልጅቷም ሁሌ ትረዳታለች። ልጄ፣ እንደዚያ አልነበረም። የደወልኩ ጊዜ አልጋ ሥር ገብተሽ አልወጣም ያልሽበት ቀን ነበር። አያትሽ ነግራኛለች። "ተኝታለች" ልትለኝ ትችል ነበር፣ ግን ዋሽታኝ አታውቅም። ልጅቷ አልጋ ሥር ትግባ። አቧራውን፣ የአያትየዋን እግር፣ መሬት ላይ የተቀመጠውን የስልክ ድምፅ ከዚያ ትይ። እናትየዋ በሌላኛው ጫፍ "ሃሎ፣ ሃሎ" ትበል። ለኔ ብለሽ ምንም አታለዝቢ። አያትየዋ ደግሞ በዚያው ሌሊት ለገብርኤል ምን ብላ እንደነገረችው አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የምትተኙት።

ምዕራፍ ሁለትን እንደገና ስትጽፊ ስለቱ ጋ ያለውን ማብራሪያ በሙሉ ቁረጪና ላኪልኝ። ሦስተኛውንም ጨምሪ፣ ያላለቀ ቢሆንም ግድ የለም። ምዕራፉ ውስጥ ያስገባሽውን የድርሳነ ገብርኤል ግዕዝ ስህተት ስላለበት በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ እርግጠኛ ስላልሆንኩ እሑድ ቀሲስን ጠይቄ እጽፍልሻለሁ። ለፋሲካ ትመጪ እንደሆነ ቶሎ ንገሪኝ፣ የሥራ ተራዬን ለመቀየር ቀድሜ ማመልከት አለብኝ።

እናትሽ