የጽሞና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የጽሞና (ሜዲቴሽን) ክበባችን ዘንድሮ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሲገናኝ ከርሟል። መስከረም ላይ የተመዘገቡት አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ። የፈለጉትም ለብሔራዊ ፈተና ሲያጠኑ ሐሳባቸው እንዳይበተን ነው።

የምናደርገው ቀላል ነው። ወንበር ላይ ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ ትንፋሽን ከአንድ እስከ አሥር መቁጠር፣ ከዚያ እንደገና ከአንድ መጀመር። ብዙዎቹ ሦስት ሳይደርሱ ሐሳባቸው ቴሌግራም ላይ ይገኛል። «ቲቸር፣ እኔ አልችልም፤ ጭንቅላቴ አያርፍም» ይሉኛል። ጭንቅላታችሁን ባዶ አድርጉ ያለ የለም። ሐሳብ መሄዱን ማወቅና ራስን ሳይቆጡ ወደ አንድ መመለስ፣ ልምምዱ እሱው ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ነገር ጨመርን። ከተቀመጥን በኋላ ሁሉም ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ዛሬ ማታ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ምንድን ነው? አንድ ነገር ብቻ። እኔን ከምንም በላይ ያስደሰተችኝ ይህች መስመር ናት። አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሁልጊዜ «ፊዚክስ» ሲጽፍ ከርሞ አንድ ረቡዕ «አያቴ ጋ ቁጭ ማለት» ብሎ ጻፈ። አያቱ ታመው ቤት ተኝተው ነበር። በሳምንቱ ስጠይቀው ስልኩን ሌላ ክፍል ትቶ አብሯቸው እንዳመሸ ነገረኝ። «ፊዚክሱንም ሠራሁ። የቀረብኝ ቲክቶክ ብቻ ነው» አለኝ።

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሰየመው የዓለም የሜዲቴሽን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው ዘንድሮ ታኅሣሥ 12 ነበር። ቅዳሜ ቢሆንም ተሰበሰብን። ሜዳው ላይ መረብ ኳስ ይጫወታሉ፤ ጩኸቱ አያስቀምጥም። ያን ቀን ትንፋሽ መቁጠሩን ትተን ጩኸቱን አዳመጥን፦ ፊሽካ፣ ኳሷ መሬት ስትመታ፣ ሳቅ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ረበሸን የሚል ቅሬታ ቀነሰ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አንዲት እናት «ይሄ ነገር ሃይማኖት አይደለም ወይ?» ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሥሩ ከቡድሂዝም መሆኑን ሳልደብቅ ተናገርኩ። እኛ የያዝነው መንገድ ግን የሜዲቴሽን አስተማሪው ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሕመማቸው ለቆየባቸው ታካሚዎች ከጀመሩት ሥልጠና ጋር የሚቀራረብ ነው። ጸሎትም ሆነ አምልኮ የለበትም። ጸሎቱን እያንዳንዱ በየእምነቱ ያደርሳል።

ዓይን መጨፈን የሚያስጨንቃቸው ልጆችም አሉ። እነሱ ወለሉን እያዩ ይቀመጣሉ፤ ካልተመቻቸውም ተነሥተው መውጣት ይችላሉ። ከባድ ጭንቀት ያለበት ተማሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ካውንስለር ይላካል፤ ጽሞና ሕክምናን አይተካም። ውጤት ከፍ አደረገ ብዬም አልናገርም። ፈተና ስቆጣጠር ግን የጥያቄ ወረቀቱ እስኪታደል ድረስ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ትንፋሻቸውን የሚቆጥሩ ልጆች አይቻለሁ። ድሮ ያቺ ደቂቃ የምታልቀው በመንቀጥቀጥ ነበር።

ለ2018 የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን በብዛት እንፈልጋለን፤ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ልምዱ እጃቸው ላይ ይሆናል። የክፍል ኃላፊ መምህራንም ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት አምስት ደቂቃ ብትፈቅዱልን፣ የክበቡ አባላት መጥተው ያለማምዳሉ። ምዝገባው መስከረም ላይ በቤተ መጻሕፍቱ ይጀመራል።