የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከስላፕተን ዳርቻ

የታሪክ ክበባችን ዘንድሮም ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ሲሰበሰብ ቆይቷል። ስለ ዓድዋና ማይጨው ተነቧል፤ የካቲት 12ም ታስቧል። ዝግጅቱን በአዳራሹ ስላያችሁት በእንግሊዟ ዴቨን አውራጃ ወዳለው የስላፕተን ባሕር ዳርቻ ወዳደረግነው ጉዞ ልለፍ።

«የአሜሪካ መርከብ ለልጆቻችን ምናቸው ነው?» ያላችሁኝ ወላጆች አላችሁ። ልጆቻችን የሚያድጉት በዚህ አገር ነውና የዚህ ባሕር ታሪክም ይገባቸዋል እላለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 28 ቀን 1944 ሌሊት፣ በፈረንሳይ ለሚደረገው የኖርማንዲ ወረራ ሊለማመዱ ወደ ስላፕተን የሚጓዙ ስምንት የአሜሪካ ታንክ ጫኝ መርከቦች «ላይም» በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ ነበሩ። ኤል ኤስ ቲ የሚባሉት እነዚህ መርከቦች 100 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ፊታቸውን ከፍተው ታንክ አሸዋ ላይ ያራግፋሉ፤ ሲጓዙ ግን ዝግተኞች ናቸው። ከፈረንሳይ ወደብ ከሼርቡር የተነሡ የጀርመን ፈጣን የጦር ጀልባዎች ደረሱባቸው። ኤል ኤስ ቲ 507 እና 531 በቶርፔዶ ተመትተው ሰጠሙ፤ 289 ከነጉዳቷ ዳርትመዝ ገባች። ከአጃቢ የጦር መርከቦቹ አንዷ አስቀድማ ተጎድታ ፕሊመዝ ቀርታ ነበር። መርከቦቹ የሚገናኙበት የሬዲዮ ሞገድም በተሰጣቸው ትእዛዝ ላይ ተሳስቶ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው የሟቾች ቁጥር 749 ነው።

ሁሉንም የገደላቸው ቶርፔዶው አይደለም። በአየር የሚነፋው መንሳፈፊያ ቀበቶ ብብት ሥር መታጠቅ ነበረበት። በቅጡ ያሳያቸው ሰው ስላልነበረ ብዙዎቹ ወገባቸው ላይ አሰሩት፤ ከነከባድ ጓዛቸው ውሃው ውስጥ ሲገቡ በአፍጢማቸው ደፋቸው።

ስላፕተን አጠገብ ባለችው የቶርክሮስ መንደር፣ ከባሕር በወጣው ሸርማን በተባለው የአሜሪካ ታንክ አጠገብ፣ አንዲት ተማሪያችን ይህን ስታስረዳ ሻርፗን ወገቧ ላይ አሰረች። ሜዲትራንያንን በጀልባ ተሻግሮ የመጣው፣ በክበቡ ውስጥ ድምፁን ሰምተነው የማናውቀው ልጅ ጠጋ ብሎ ሻርፑን ብብቷ ሥር አድርጎ አጠበቀላት። «እኛን አንድ ሱዳናዊ ሰውዬ ነው ጀልባው ላይ ያሳየን» አለ። ጓደኞቹ ጠየቁት፤ መለሰላቸው። አውቶቡሱ እስኪነሣ ጠጠሩ ላይ ከበውት ተቀመጡ። የያዝኩትን ማስታወሻ አጥፌ እኔም አብሬያቸው አዳመጥኩ። በመምህርነት ዘመኔ ከዚያ የበለጠ የታሪክ ክፍል አላየሁም።

ያንን ታንክ የአካባቢው ነዋሪ ኬን ስሞል ከአሜሪካ መንግሥት በ50 ዶላር ገዝቶ፣ ዓመታት ደክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1984 መታሰቢያ እንዲሆን አስወጣው። ልጆቹ የሱን ታሪክ በአማርኛ ጽፈው ለዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን አዘጋጅተው ነበር፤ አዳራሹ ለሰርግ ስለተከራየ ግን በኮሪደር አንድ ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ሁለተኛው ጉዟችንም በገንዘብ እጦት ተሰርዟል። የመጀመሪያውም የአውቶቡስ ኪራይ ግማሹ ከመምህራን ኪስ ነው የወጣው፤ ይህ በየዓመቱ ሊቀጥል አይችልም።

ለሚቀጥለው ዓመት ያቀድነው ባዝ ከተማ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ሃውስን መጎብኘት ነው። የልጆቹ ስም ዝርዝር ተሞልቷል፤ የቀረው የአውቶቡሱ ኪራይ ነው። መርዳት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ አነጋግሩኝ።