ከቅዳሜ ዕይታ በፊት

ሰላም አባላት፣

በዚህ ዙር የምናያቸው አስፈሪ ፊልሞች «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» (1980) እና «ኤ ናይትሜር ኦን ኤልም ስትሪት» (1984) ናቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በመጀመሪያው ተከታታዩ የሚታወቅበትን የገዳዩን የሆኪ ጭምብል አትጠብቁ፤ የመጣው በ3ኛው ክፍል፣ በ1982 ነው።

በዚሁ ፊልም ፍላጻ አንገት በስቶ የሚወጣበትን ትዕይንት ሁለቴ እዩት። ተዋናዩ ከአልጋው ሥር ሆኖ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቷል፤ አንገትና ደረቱ ሰው ሠራሽ ነው። የደሙ ፓምፕ ቱቦ ስለወለቀ ረዳቱ በአፉ ነፋው። ደሙ እንዲያ የሚንፈቀፈቀው ለዚህ ነው፤ ከታቀደው ይልቅ ያምራል!

በሁለተኛው ደም ከአልጋ ወደ ጣሪያ ሲፈስ የመኝታ ክፍሉ ራሱ ተገልብጧል፣ ካሜራውም አብሮት ተገልብጦ ታስሯል። ቀይ ውሃው ከላይ ሲለቀቅ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን አደላና ክፍሉ ከቁጥጥር ወጥቶ ዞረ።

ቴሌቪዥናችሁ ላይ እንቅስቃሴ ማለስለሻው (በምስሎች መካከል ተጨማሪ ምስል የሚያስገባው ቅንብር) ይጥፋ፤ አለዚያ ፊልሙ የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል።