የንባብ ክበብ ዘገባ፦ ዘንድሮ ከላስቪትስ ጋር

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነበር። እንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው አንድ ጀርመናዊ የሳይንስ ልቦለድ ደራሲ መርጠን እናስተዋውቅ ተባባልን። ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያሉት የዚህ ዓይነት ልቦለዶች ከሞላ ጎደል የእንግሊዝና የአሜሪካ ናቸውና። አንዳንዶቹ ልጆች በሕይወት ወዳለው አንድሬያስ ኤሽባህ አዘንብለው ነበር። እሱም ጥሩ ነው። ብዙ ክርክር ተደርጎ ግን ድምፁ ለኩርድ ላስቪትስ ሆነ። እኔም በምርጫው ተደስቻለሁ።

ላስቪትስ በ1848 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ጎታ በምትባል የጀርመን ከተማ ለ30 ዓመታት ያህል ሒሳብ፣ ፊዚክስና ፍልስፍና አስተምሯል። ማስተማር የሚወድ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል።

የጀመርነው በ1904 ባወጣው አጭር ልቦለድ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው። 100 የጽሕፈት ምልክቶች አሉ እንበል። አንድ ጥራዝ 1 ሚሊዮን ምልክት ይይዛል። ምልክቶቹ ሊደረደሩ በሚችሉበት መንገድ ሁሉ ቢታተሙ፣ የተጻፈውም ያልተጻፈውም፣ እውነቱም ውሸቱም እዚያ ውስጥ ይገኛል። ታዲያ ስንት ጥራዝ ይሆናል? አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሠራው። 1 ተጽፎ 2 ሚሊዮን ዜሮ ይከተለዋል። ቁጥሩን ራሱን ልጻፍ ያለ ሰው ሁለት ጥራዝ ሞልቶ አንድ ዜሮ ይተርፈዋል! ክፍሉ በጩኸት ተሞላ። ወዲያው ከኋላ ሌላዋ ተማሪ «በእኛ ፊደልስ?» አለች። ፊደላችንን ከነዲቃላዎቹ፣ ከነሥርዓተ ነጥቡና ከነቁጥሩ 300 አድርገን አሰላነው። መልሱ 2,477,122 አሃዞች ያሉት ቁጥር ሆነ። ሦስተኛውንም ጥራዝ ግማሽ ሊያደርሰው ምንም አልቀረው። ላስቪትስ ይህን ቢያይ ደስ የሚለው ይመስለኛል።

ዋናው ሥራው ግን በ1897 የወጣው የሁለት ፕላኔቶች ልቦለድ ነው። ሦስት ጀርመናውያን በባሎን ወደ ሰሜን ዋልታ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ የማርስ ሰዎች ቀድመው ሰፍረዋል። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ኤች. ጂ. ዌልስም የማርስ ወራሪዎቹን በመጽሔት በተከታታይ ያስነብብ ነበር። የዌልሶቹ ሰው ይፈጃሉ። የላስቪትሶቹ ሠልጥነናል ባዮች ናቸው፤ እናስተምራችሁ፣ እናሠልጥናችሁ ብለው ይመጡና ቀስ በቀስ ገዢ ይሆናሉ። አውሮፓን በሞግዚትነት የሚይዙበት ክፍል ላይ ስንደርስ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ይሄማ የውጫሌ አንቀጽ 17 ነው!» አለች። እውነቷን ነው። መጽሐፉ የወጣው ከአድዋ ድል በኋላ በዓመቱ ነው። ላስቪትስ አድዋን አስቦ ጻፈ ማለቴ አይደለም። ግን አውሮፓውያን በሌላው ላይ ያደርጉት የነበረውን እነሱው ላይ ሲደርስ ማሳየቱ በዚያ ዘመን ትልቅ ድፍረት ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ዌልስን ካነበበ ይህንን ሳያነብ መቅረት የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

የሚያሳዝነው ልቦለዱ በእንግሊዝኛ የወጣው በ1971 ነው፤ ያውም አሳጥረውት። የሮኬት መሐንዲሱ ቬርነር ፎን ብራውን በወጣትነቱ በጉጉት ያነበበው መጽሐፍ ይህን ያህል መዘግየት አልነበረበትም።

አባላቱ በእንግሊዝኛ ያዘጋጁት ማስተዋወቂያ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል፤ በሚኒ ሚዲያም ጠዋት ጠዋት ተነቧል። ረቂቁን ደጋግመው አርመውታል። የመጀመሪያው ረቂቅ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይናገር ነበርና እንዲያሳጥሩት ነገርኳቸው። የመጨረሻው ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ የውጫሌዋ ነገርም ገብታበታለች።

ማንበብ የምትፈልጉ ከአጭሩ ጀምሩ፤ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ልቦለዱ መጀመሪያ አካባቢ የፊዚክስ ማብራሪያ ይበዛበታል። ታገሡት። የማርስ ሰዎች ከእንግሊዝ የባሕር ኃይል ጋር ከተጋጩ በኋላ መጽሐፉን ማስቀመጥ ያስቸግራል።