ሦስተኛዋ ጎማ፦ የመካኒክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

የመካኒክ ክበባችን ዘንድሮ የሠራው ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ አሮጌ ሞተርሳይክል ላይ ሳይድካር፣ ማለትም ከጎን የሚታሰር ባለ አንድ ጎማ ጋሪ፣ አሰርን። ማሰሩ ቀላል ነበር። ጊዜያችንን የበላው ማስተካከሉ ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር እንደ ወትሮው አለፈ። ብስክሌት ጠገንን፣ ካርቡራተር ፈትተን አጠብን፣ አዲስ አባላት የቁልፍ ቁጥር በዓይን መለየት ተማሩ። ስለዚህ ብዙ አልጽፍም፤ የአምናውን መጽሔት ያነበበ ያውቀዋል። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ግን የአንድ ተማሪ ወላጅ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሳይድካር አለኝ፣ ውሰዱት አሉን። ከዚያ በኋላ ስለ ብስክሌት ያነሳ ሰው የለም።

መጀመሪያ ያደረግነው መመርመር ነው። የጎማውን ኩሽኔታ አወጣን፣ አጠብን፣ ግራሶ ቀባን። የሻሲውን ብየዳዎች በሽቦ ብሩሽ ፈትገን ስንጥቅ ፈለግን። እዚህ ላይ ዕድል ቀንቶናል። ሞተርሳይክላችንም ወፍራም የብረት ቱቦ ሻሲ ያለው የድሮ ሞዴል ነው፤ መቆንጠጫ የሚይዝበት ቦታ ሞልቷል። አዳዲሶቹ ሞተርሳይክሎች ብዙዎቹ እንዲህ አይደሉም። ለእነሱ መጀመሪያ ተጨማሪ ሻሲ ተሠርቶ ከሥር መታሰር አለበት።

ሳይድካር ብዙውን ጊዜ አራት ቦታ ይታሰራል፤ ሁለት ከታች፣ ሁለት ከላይ። የታቾቹ ዋናውን ጫና ይሸከማሉ። የላዮቹ ርዝመታቸው በጥርስ የሚስተካከል ዘንጎች ናቸው። ሞተርሳይክሉ ቀጥ ብሎ ይቁም ወይስ ዘንበል ይበል የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አራቱ ነጥቦች በተራራቁ ቁጥር እስሩ ይጠነክራል።

«ቲቸር፣ ለምን ሻሲው ላይ አንበይደውም? አንዴ ይገላግለናል» ያለ ተማሪ ነበር። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን አይሆንም ነው። ግድግዳው ስስ የሆነ ቱቦ ብየዳ ሲነካው ጠርዙ አካባቢ ይደክማል፣ ስንጥቅም ከዚያ ይጀምራል። በዚያ ላይ የተበየደ ነገር አይስተካከልም፤ ማስተካከል ደግሞ ዋናው ሥራ ነው። ስለዚህ ቱቦውን አቅፈው በብሎን የሚጠብቁ መቆንጠጫዎች ተጠቀምን። አንዱን ማሰሪያ ብቻ የሙያው ሰው ሠራልን፤ ተማሪዎቹ ንድፉን ስለው ሰጡት።

ብሎኖቹ ላይ ጥብቅ ነበርኩ። ጭንቅላታቸው ላይ 8.8 ያልተጻፈባቸው ከሣጥን ወጡ። የመጀመሪያው 8 ብረቱ እስኪበጠስ 800 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ገደማ ይችላል ማለት ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ደግሞ የዚያ 80 በመቶ፣ ማለትም 640 ላይ ሲደርስ ተስቦ እንደሚቀር ይናገራል። ይህን ከሰሙ በኋላ አባሎቻችን ያገኙትን ብሎን ሁሉ ጭንቅላቱን ማንበብ ጀመሩ። የክፍላችን ወንበሮች እንኳ አልተረፉም።

አሁን ወደ ማስተካከሉ ልግባ። ሦስት ልኮች አሉ።

አንደኛው የሳይድካሩ ጎማ ከሞተርሳይክሉ የኋላ ጎማ ምን ያህል ወደፊት እንደሚቀድም ነው። ከ150 እስከ 300 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ እኛ 200 ላይ አቆምነው። ጎማዎቹ ጎን ለጎን እኩል ቢሆኑ፣ ከሳይድካሩ በተቃራኒ ሲታጠፍ ጋሪው በአፍንጫው ሊደፋ ይችላል። በጣም ከቀደመ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ ጎማውም አስፋልት ላይ እየተፋቀ ያልቃል።

ሁለተኛው የሳይድካሩ ጎማ ከፊት በኩል በጥቂቱ ወደ ሞተርሳይክሉ ማየቱ ነው። ይህን የለካነው ቀጥ ባሉ ረጃጅም ጣውላዎች ነው። አንዱን የሞተርሳይክሉ ጎማዎች ጎን፣ ሌላውን የሳይድካሩ ጎማ ጎን መሬት ላይ አስቀመጥን። ከዚያ በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ ለካን። የፊቱ ከኋላው ከ10 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ማነስ አለበት፤ እኛ 15 መረጥን። ወጥመዱ እዚህ ነው፤ የኋላ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ይሰፋል። የኋላው 110፣ የፊቱ 90 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ ጣውላው የኋላውን ሲነካ ከፊቱ 10 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ሁለቱንም እንዲነካ ከገፋነው ጣውላው ጠመመ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው ሁሉ ውሸት ይሆናል። ይህን ቀድማ ያየችው ትንሿ አባላችን የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትልልቆቹ ትንሽ ቅር አላቸው፤ ግን ሜትሩ እሷ እጅ ቀረ።

ሦስተኛው ሞተርሳይክሉ ራሱ ከሳይድካሩ በተቃራኒ ዘንበል ማለቱ ነው። አንድ እጁ ላይ ብቻ ባልዲ የያዘ ሰው ወደ ሌላው ጎን ዘንበል ይል የለ? እንደዚያ ነው። የሳይድካሩ ክብደትና የጎማው መጎተት መሪውን ወደ ጋሪው ይስባል፤ ዝንባሌው ይህን ይመልሳል። የተለመደው ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ነው። በዓይን አይታይም ማለት ይቻላል። ቱንቢ አንጠለጠልንና የትሪጎኖሜትሪ ደብተር ተከፈተ። በ1 ሜትር ቁመት ላይ 1 ዲግሪ 17.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «ታንጀንት ለምን ይጠቅማል?» የሚለው የዘወትር ጥያቄ ዘንድሮ ክበባችን ውስጥ አልተሰማም።

ልኬቱ ባዶ ሞተርሳይክል ላይ ከተሠራ ዋጋ የለውም። ሰው ሲቀመጥበት ሞላው ይወርዳል፣ ዝንባሌውም ይለወጣል። ስለዚህ የጎማዎቹን አየር ካስተካከልን በኋላ፣ የነጂውን ክብደት የሚያህል አሸዋ በከረጢት ወንበሩ ላይ ጫንን።

ልጆቹን ያናደዳቸው ግን ሌላ ነው። የላይኛውን ዘንግ ለዝንባሌው ስታዞር፣ ተስተካክሎ ያለቀው የጎማ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። እሱን ስትመልስ ዝንባሌው ይሄዳል። «እንግዲህ አበቃ» ተብሎ ዳዶ የጠበቀበትና የተፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። በእኔ እይታ የዓመቱ ምርጥ ትምህርት ይኸው ነበር። ሁሉን የሚያስደስት ልክ የለም። ዳገቱ፣ ጭነቱ፣ የመንገዱ ተዳፋት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ልክ ይጠይቃሉ፤ የምንመርጠው መካከለኛውን ነው።

ሙከራው በኳስ ሜዳው ተደረገ። የነዳው መንጃ ፈቃድና ልምድ ያለው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ተማሪ አልነዳም፣ ጋሪው ውስጥም የተቀመጠው አሸዋ ብቻ ነው። ደንቡ ከእያንዳንዱ ዙር በፊት የሚሆነውን ገምቶ መጻፍ ነበር። የኛ ሳይድካር በቀኝ ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ቀኝ ይስባል፤ የሚገፋው የኋላ ጎማ ብቻ ስለሆነ ጋሪው ወደኋላ ይቀራል። ይህን አብዛኛው ሰው ገመተ። ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ መሄዱን ግን ጥቂቶች ብቻ ናቸው የጻፉት። የሳይድካራችን ጎማ ፍሬን የለውም፤ ሞተርሳይክሉ ሲቆም ጋሪው መሄድ ይፈልጋል። በፍጥነት ወደ ቀኝ ሲታጠፍ የጋሪው ጎማ ይነሳል። ጋሪው ውስጥ አሸዋ የጫንነውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ላይ ዝንባሌው 1 ዲግሪ ነበር። ፍጥነቱ ሳይለወጥ ሲሄድም ወደ ቀኝ መሳቡን ስላላቆመ ወደ 1.5 አሳደግነው፤ ተሻለው። በዝግታ ሲሄድ መሪው መንቀጥቀጡ ግን አልለቀቀውም። የብቻ ሞተርሳይክል የፊት ሹካ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ክፍል) አቀማመጥ ለሦስት ጎማ አልተሠራም። አንዱ አባላችን ስለዚህ ጥሩ ገለጻ አቀረበ። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1969 ሞተርሳይክሎቹ ላይ ይገጥመው የነበረው ኧርልስ የሚባል የፊት ሹካ ለሳይድካር የተመቸ እንደነበረ በሥዕል አሳየን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የነበረው የቢኤምደብሊው አር75 ሞተርሳይክል ደግሞ የሳይድካሩን ጎማ ጭምር በኢንጂኑ ያዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ «እኛም እናዙረው» የሚሉ አሉ። አይሆንም።

ለመጪው ዓመት የያዝነው ሁለት ሥራ ነው፤ መሪው ላይ የንዝረት ማብረጃ መግጠምና ለሳይድካሩ ጎማ ፍሬን መሥራት። ፍሬኑ በየትኛው ፔዳል ይታዘዝ የሚለው ገና ክርክር ላይ ነው። ምዝገባ እንደ ሌሎቹ ክበቦች መስከረም ላይ ይጀመራል። የቶርክ ቁልፍ (ብሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ ቁልፍ) ያለው ወላጅ ቢያውሰን ደስ ይለናል፤ ያለን አንድ ነው፣ እሱም ወረፋ አለው።